ለአዲሱ ክሩዘር ሞተር ሳይክል ምን ዓይነት ማርሚታ ይሻላል? ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ ሞተሬን አቁሜ ቡና ሳዝዝ፣ ስኒው ሳይቀርብ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ ይላል። ታንከሩን አያይም፣ መቀመጫውንም አያይም። አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያየው ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ነው። ከዚያ ይጀምራል፦ "ይቺ ኦሪጅናሏ ናት? አስቀየርካት? ነዳጅ አትበላም?" ቡናው ይቀዘቅዛል። ያንኑ መልስ ለሃያኛ ጊዜ ከምደግም ልጻፈው አልኩ።

አዲስ ክሩዘር (ዝቅ ብላ ዘና ተብሎ የምትነዳ ሞተር) ገዛሁ። ማርሚታ ብቀይር ጉልበት ይጨምርልኛል?

ትንሽ። ከምታስቡት በጣም ያነሰ።

በቁጥር እንየው። ሮያል ኤንፊልድ ሜቲዮር 350ን እንውሰድ። 349 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኢንጂን ደግሞ የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ይበላል። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የምትነዱት 20 ሳይሆን 15 ፈረስ ነው በሉት።

አሁን ጥሩ ማርሚታ ገዛችሁ እንበል። የኋላውን ብቻ ቀይራችሁ በዚህ መጠን ኢንጂን ላይ አንድ ፈረስ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ጦሳ ተራራ አምስት ወስዶ ማርሚታው አንድ መለሰ ማለት ነው። ጉልበት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ገንዘቡን አጠራቅማችሁ ትልቅ ሲሲ ግዙ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ስትነዷት እንኳ ማርሚታ ከሚሰጣችሁ የበለጠ ትጠነክራለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ይወፍራል።

ታዲያ ለምን ይቀየራል?

ለድምፅ፣ ለክብደትና ለመልክ። የፋብሪካው ማርሚታ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው፤ በጥሩ ስቴንለስ ሲተካ ጥቂት ኪሎ ይቀንሳል። ድምፁም ይጎረንናል። መልኩን አልነግራችሁም፣ ዓይን አላችሁ። ለመልክ ብሎ መቀየር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጉልበት ፈልጌ ነው እያሉ ራስን መሸወድ ነው የማይጠቅመው።

"ስሊፖን" እና "ሙሉ ሲስተም" የሚባሉት ምንድን ናቸው? የትኛው ይሻለኛል?

ከሲሊንደሩ ጭንቅላት የሚወጣው ቀጭን ቧንቧ አለ። ቀጥሎ፣ በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ፣ ጭሱን የሚያጣራው ካታላይዘር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው ወፍራሙ ዱላ ድምፅ አፋኙ ነው። እኛ ሁሉንም በአንድ ስም ማርሚታ እንለዋለን፣ ግራ መጋባቱም ከዚያ ይመጣል።

ስሊፖን ማለት የመጨረሻውን ዱላ ብቻ መቀየር ነው። ሙሉ ሲስተም ማለት ከሲሊንደሩ ጀምሮ ሁሉንም መንቀል ነው።

ለአዲስ ሞተር የእኔ መልስ ስሊፖን ነው። ካታላይዘሩ ከፊት ቧንቧው ላይ ከሆነ አይነካም። ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰርም አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ይቀራል። ካልወደዳችሁት በአንድ ከሰዓት ነቅላችሁ የድሮውን ትመልሳላችሁ። ሙሉ ሲስተም ግን ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ የኮምፒውተር ማስተካከያ ይጠይቃል፣ ዋስትናም ካላችሁ ሻጩ "እናንተ ነካክታችሁታል" የሚልበት ሰበብ ያገኛል። ሙሉ ሲስተም የሚያምርበት ሰው አለ። ያ ሰው ግን ሞተሯን ትናንት የገዛ አይደለም።

እንደ ሃርሊ እንድትጮህ ማድረግ ይቻላል?

አይቻልም። ይሄን ስል የሚከፋው ሰው አለ፤ ቢሆንም አይቻልም።

የአሜሪካው ሞተር ሳይክል የሃርሊ ዴቪድሰን ድምፅ የሚወለደው ማርሚታው ውስጥ ሳይሆን ኢንጂኑ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተከፍተው ቆመዋል፣ ሁለቱም ፒስተኖች የተያያዙት ግን ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ላይ ካለ አንድ ፒን ጋር ነው። ስለዚህ ፍንዳታው እኩል አይከፋፈልም። አንዱ ከፈነዳ በኋላ ክራንኩ 315 ዲግሪ ሲዞር ሁለተኛው ይፈነዳል፣ ከዚያ 405 ዲግሪ ዝም ይባላል። ያ የሚያነክስ አረማመድ ነው "ድም-ድም... ድም-ድም" የሚለው። ኩባንያው ይህን ድምፅ የንግድ ምልክቱ አድርጎ ለማስመዝገብ በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አመልክቶ፣ ተቃውሞ ሲበዛበት በ2000 ትቶታል።

የእናንተ ክሩዘር አንድ ሲሊንደር ከሆነ ምቱ እኩል የሆነ "ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ" ነው የሚኖረው። ሆንዳ ሪቤል 500 ወይም ካዋሳኪ ቮልካን ኤስ ከሆነች፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ስለቆሙ ሌላ ድምፅ አላት። ማርሚታ የሚያደርገው ያለውን ድምፅ ማጎርነን ወይም ማሾል ብቻ ነው። የወሎ ሰው ይሄ ሊጠፋው አይገባም፤ ክራሩ በባቲ ተቃኝቶ ሳለ ሳጥኑን ስለለወጡት ወደ አምባሰል አይዞርም።

ጎርናና ድምፅ የምትፈልጉ ረዘም ያለና ወፈር ያለ አፋኝ ፈልጉ። አጭርና ቀጭን የሆነው ይጮሃል እንጂ አይጎረንንም።

ምን ያህል ጩኸት ይበዛል ይባላል?

ዲሲቤል እንደ ብር አይቆጠርም። ድምፁ 10 ዲሲቤል ሲጨምር ለጆሯችን በግምት እጥፍ ሆኖ ይሰማል። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ምክር 85 ዲሲቤል ላይ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አትቆዩ ነው። 100 ሲደርስ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ማርሚታ ጋዝ ሲሰጠው 100ን በቀላሉ ያልፋል። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ሒሳቡን ለራሳችሁ ተዉኩ።

ስትገዙ በውስጡ የሚፈታ አፋኝ ያለውን ምረጡ። በአንድ ብሎን የሚወጣና የሚገባ ትንሽ ቱቦ ነው። ከተማ ውስጥ አስገቡት። ረጅም መንገድ ላይ ማውጣት ካማራችሁ ምርጫው የእናንተ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ አውጥቼው ሁለቱንም ጊዜ ሐይቅ ሳልደርስ ራሴን አመመኝ።

ለጎረቤትም አስቡ። እኛ ሰፈር ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሱብሂ የሚሰግደውም፣ ኪዳን የሚሄደውም መንገድ ላይ ነው፣ አራስም ትኖራለች። ሞተሬን በጠዋት ሳወጣ ሳላስነሳ እስከ አስፋልቱ እገፋታለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ስገፋ ጎረቤቴ እማማ በር ላይ አይተውኝ "ውይ ልጄ፣ ቤንዚን አለቀብህ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ አላፊ አግዳሚውን "እስቲ ልጁን ግፉለት" ይሉልኛል።

ከፍ ያለ ድምፅ ከሲኖትራክ ያድነኛል የሚሉት እውነት ነው?

የማርሚታው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ዳገት፣ ሐረጎ ላይ፣ ጠመዝማዛውን ይዞ የሚመጣው ሲኖትራክ ያለው ከፊታችሁ ነው። ሾፌሩ መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ ከፍቷል። ክላክስ ተጠቀሙ። በደሴ ጉም ደግሞ መብራታችሁን አብሩ። ለማርሚታ ከመደባችሁት ላይ ቆርሳችሁ ጥሩ ክላክስና አንጸባራቂ ሰደርያ ብትገዙ ይሻላል።

በያጅ ቤት ወስጄ የፋብሪካውን ባስቀድደውስ? ርካሽ ነው።

እኔ አድርጌዋለሁ። ከዚህች በፊት በነበረችኝ ሞተር ነው። አንድ በያጅ ጋ ወሰድኩ። አፋኙን በግራይንደር ለሁለት ከፈለው፣ የውስጡን ቱቦዎች እንደ በግ ሆድ ዕቃ ጎልጉሎ አወጣ፣ መልሶ በየደው። ሳስነሳት ልቤ ዘለለ። ድምፅ ማለት ይሄ ነው አልኩ።

ደስታው እስከ ሐረጎ አልደረሰም። ዳገት ላይ በዝቅተኛ ዙር ስጎትታት የነበረው ጉልበት ጠፍቷል። በሦስተኛ ማርሽ ዘና ብዬ የምወጣውን በሁለተኛ እያለቀስኩ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት ብየዳው ተሰነጠቀ። ስንጥቁን ለማስበየድ ስሄድ ባለሙያው ባትሪውን ሳይፈታ መበየድ ጀመረ። እጁን ይዤ አስቆምኩት። ሞተር ሳይክል ላይ ሲበየድ ባትሪ ይፈታል፣ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማርሚታውን ፈትቶ መሬት ላይ መበየድ ነው።

ጉልበቱ ለምን ጠፋ? ብዙ ሰው "ኢንጂን ግፊት ይፈልጋል" ይላል። ልክ አይደለም፣ ግፊት የሚፈልግ ኢንጂን የለም። የሚፈልገው የሚወጣው ጭስ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ ነው። ጭሱ በልኩ ቧንቧ ፈጥኖ ሲወጣ ከኋላው ያለውን ጭስ ይስባል፣ ሲሊንደሩ ይጸዳል፣ ንጹህ አየር ይገባል። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት የተሰላው ለዚህ ነው። ውስጡን ባዶ ስታደርጉት ስሌቱ ይፈርሳል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ደግሞ ዝቅተኛው ዙር ነው። ክሩዘር የሚነዳው በዝቅተኛ ዙር ነው። ወሎ ደግሞ ዳገት ነው።

ካታላይዘሩን ላውጣው?

አታውጡት። የማር እንጀራ የመሰለ ነገር ነው፣ በቀዳዳዎቹ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። መርዛማውን ጭስ ይለውጣል። እሱን አውጥታችሁ የምታገኙት ጉልበት በዚህ ሲሲ ላይ የሚሰማ አይደለም። የሚሰማው ሽታው ነው። ከኋላችሁ ባለው ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይመሰክራል።

የከበሩ ማዕድናት ናቸው ያልኩትን ልብ በሉ። "አሮጌውን እዚሁ ተወው፣ ቆሻሻ ነው" የሚል ጋራዥ ከገጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ኮምፒውተሩ መስተካከል አለበት? ካርቡሬተር ከሆነስ?

ኢንጄክሽን (ነዳጇ በኮምፒውተር ተመጥኖ የሚረጭ) ከሆነችና ስሊፖን ብቻ ከቀየራችሁ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ የአየሩን ግፊትና የኦክስጅን ሴንሰሩን እያየ ነዳጁን ይመጥናል። ደሴ ቁርስ በልታችሁ ባቲ ምሳ ስትበሉ 1,000 ሜትር ያህል ወርዳችኋል፣ እሱ ግን በየሜትሩ ሲያስተካክል ነበር። ሙሉ ሲስተም ከገባ፣ የአየር ማጣሪያውም አብሮ ከተለወጠ ግን ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሌላ ነገር ነው። የቆዩት ባጃጅ አቬንጀሮች እንዲህ ናቸው። ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም። ለቆላ የተስተካከለው ደሴ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ጥቁር ያጨሳል። ለደሴ የተስተካከለው ቆቦ ሲወርድ ደግሞ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ይግላል። ክፍት ማርሚታ ሲጨመርበት ቅልቅሉ ይበልጥ ይሳሳል። አደገኛው ይሄኛው ነው፤ ቅልቅሉ የሳሳ ኢንጂን ፒስተን ያበላሻል።

መካኒክ ከመጥራታችሁ በፊት ካንዴላውን (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ፍቱና እዩት። ማኪያቶ መልክ ካለው ደህና ነው። ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፣ ቶሎ መፍትሔ ፈልጉለት። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ደግሞ ተጠንቀቁ። ላምባ ከተቀላቀለበት የሞተሩ ማንኳኳት ይመጣል፣ ጥፋቱን ግን ሁሉም በአዲሱ ማርሚታ ያሳብባል።

ከቀየርኩ በኋላ ቁልቁለት ላይ "ጧ ጧ" ማለት ጀመረ። ተበላሸ?

ጋዙን ስትለቁት ያልተቃጠለ ትንሽ ነዳጅ ወደ ጋለው ቧንቧ ይገባል፣ እዚያ አየር አግኝቶ ይፈነዳል። ጥቂት ከሆነ አብሽሩ፣ ጉዳት የለውም። ፋታ የማይሰጥ ከሆነ ግን በመገጣጠሚያው አየር ይገባል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ የሚወጣውን ሳይሆን ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን መንገድ ስትይዙ በደንብ ይሰማችኋል።

መገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥቀርሻ ፈልጉ። ካለ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት የሚያፈስ ከሆነ ጣጣው ይበዛል፤ ሴንሰሩ ከውጭ የገባውን አየር ቆጥሮ "ነዳጅ አንሷል" ብሎ ያስባል፣ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ነዳጅ በላች የምትባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ችግሯ የአንድ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ነው።

ክሮም፣ ስቴንለስ ወይስ ታይታኒየም?

ስቴንለስ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ርካሽ ክሮም በሁለት ክረምት ከውስጥ ዝጎ ይላጣል። ታይታኒየም ቀላልና ውድ ነው፣ ለክሩዘር ትርፉ ጉራ ነው። ስቴንለስ ከሲሊንደሩ አጠገብ ወርቃማ ሲሆን አትደንግጡ፣ ሙቀት ነው። በጥቁር ጨርቅ የሚጠቀለሉትንም አይቻለሁ፤ ያምራል፣ ግን ዝናብ ውሃውን እዚያው ይይዝና ቧንቧውን ከሥር ያዝገዋል።

ባለቤቴን ከኋላ ይዤ እሄዳለሁ። የምጠነቀቀው አለ?

አለ፣ ዋናው ጥያቄም ይሄ ነው። አዲሱ ማርሚታ ከፋብሪካው የተለየ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ የሚቀመጥ ሰው አስቀምጡና እግሩ የት እንደሚያርፍ እዩ። ያልተሸፈነ የጋለ ቧንቧ ባት ላይ በሰከንድ ውስጥ ጠባሳ ይተዋል። የሙቀት መከላከያ ሽፋን የሌለውን አትግዙ።

ነጠላና ሽርጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰው ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲሄድ ለብሶ ይቀመጣል፣ ጫፉ ይንጠለጠላል። ናይለን ያለበት ጨርቅ የጋለ ቧንቧ ሲነካ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል፣ ሽታው ለሳምንት አይለቅም። የአክስቴ ነጠላ ጥለት አንድ ጣት የሚያህል ቦታ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ጫፉን ጭን ስር አስገቡ። የኋላው ተሽከርካሪና ሰንሰለትም ጨርቅ ይወዳሉ።

ከውጭ ላስመጣ ወይስ እዚህ ልፈልግ?

ከውጭ ስታስመጡ የሞተሯን ሞዴልና የተሠራችበትን ዓመት በትክክል ስጡ። "ለ350 የሚሆን" የሚባል ነገር የለም፤ የማንጠልጠያው ቀዳዳ በሁለት ሳንቲ ከሳተ እንደገና በያጅ ቤት ናችሁ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዶላሩ ዋጋ ሌላ ነው፤ የማጓጓዣውንና የቀረጡን ደምሩበት፣ ከዚያ ወስኑ። የታዋቂ ስም ሎጎ የተለጠፈበት ርካሽ ማርሚታ ካያችሁ ብየዳውን እዩ። ሎጎው በጥፍር የሚላጥ ከሆነ ዋጋውም እንዲሁ ይላጥ።

ትራፊክ ይይዘኛል? ቦሎስ?

አመታዊ ምርመራ ላይ የፋብሪካውን ዕቃ ገጥሞ መቅረብ ነገር ያቀላል። የሚፈታውን አፋኝ አውጥቶ ትራፊክ ፊት ጋዝ የሚሰጥ ሰው ግን የራሱን ክስ ራሱ ያነባል።

ራሴ ልግጠመው?

ስሊፖን ከሆነ ትችላላችሁ። ኢንጂኑ ይቀዝቅዝ። አዲስ ጓርኒሲዮን ግዙ፣ የድሮውን አትመልሱ። ሁሉንም ብሎን በእጅ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ማርሚታው ቦታውን ሲይዝ ከኢንጂኑ በኩል ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥብቁ። መጀመሪያ የኋላውን ካጠበቃችሁ ቧንቧው ይወጠራል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ከማስነሳታችሁ በፊት መላ ማርሚታውን በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ። ይሄን የነገረኝ አልነበረም። የአምስት ጣቴ አሻራ ስቴንለሱ ላይ ተጠብሶ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ።

መቼ ልቀይር?

ከመጀመሪያው ሰርቪስ በኋላ፣ ማለትም እንደ ፋብሪካው ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር። በመጀመሪያ ኢንጂኑ ይሟሽ። የፋብሪካውንም ድምፅ ልመዱት፣ ምኑ እንደጎደለ ያኔ ታውቃላችሁ።

የድሮውን ምን ላድርገው?

አትሽጡት። ዘይት ቀቡት፣ አይጥ እንዳይገባበት አፉን በጨርቅ ድፈኑት። ሞተሯን ስትሸጡ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የእኔው አልጋ ስር ነው ያለው። ባለቤቴ ስትጠርግ በመጥረጊያው ጫፍ ኳ ታደርገውና "ይሄኛው ነበር የሚያምረው" ትለኛለች። ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ይዣት ልሄድ ነው፣ "ግመል እንዳታስደነብር" ስላለችኝ አፋኙን መልሼ አስገብቻለሁ።